ከኮምቦልቻ የገዛሁት ብረትና ዚንክ፦ አንዱ አሪፍ፣ አንዱ ስሙ ብቻ

ከጅምሩ ግልጽ ላርግና ይሄ ሪቪው ስለ 3 እቃ ነው። ሦስቱንም የገዛሁት ኮምቦልቻ ካለ አንድ የእርሻ ግብአት ሱቅ ነው፣ ስሙን አልጽፍም፣ ለምን እንደማልጽፍ ታች ስትደርሱ ይገባችኋል። አንደኛው 250 ግራም «ኪሌትድ አይረን» ሚል ዱቄት (ለተክል ሚሰጥ ብረት)፣ ሁለተኛው 1 ኪሎ ዚንክ ሰልፌት፣ ሦስተኛው ግማሽ ሊትር «ማይክሮ» ሚሉት ፈሳሽ ድብልቅ። ቸኩላችሁ ከሆነ ዚንኩን ግዙ፣ ፈሳሹ ቢኖርም ባይኖርም ግድ የለም፣ ብረቱን ግን ከፍታችሁ ሳታዩ ብር እንዳታወጡ። ጊዜ ያላችሁ ቡናችሁን አስቀርባችሁ አንብቡት፣ ይረዝማል፣ ደግሞ ባዮሎጂ አለበት፣ አስተማሪ ነኝ ምን ላርግ።

ነገሩ የጀመረው በእማዬ ሎሚ ነው። እኔ ምኖረውም ማስተምረውም ደሴ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ እማዬ ጋ እሄዳለሁ። ማድ ቤቱ ጀርባ አንድ ሎሚ አላት፣ ሰፈሩ ጉንፋን በያዘው ቁጥር ከሷ ነው ሚቀጥፈው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ አዲስ ሚወጣው ቅጠል ቢጫ መሆን ጀመረ፣ ዝም ብሎ ቢጫ ደግሞ አይደለም፣ ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ መሃል መሃሉ ብቻ ነው ሚገረጣው፣ አረንጓዴ መረብ የጣሉበት ነው ሚመስለው። ታች ያለው አሮጌው ቅጠል ግን ደህና ነው። አንዷ ጎረቤት ቡዳ ነው አለች፣ አንዱ ውሃ ጠምቶት ነው አለ፣ እማዬ ሁለቱንም አምና ጧት ውሃ ታጠጣዋለች ማታ ጤና አዳም ታስጠጋለታለች።

አዲሱ ቅጠል ቀድሞ ከታመመ ብዙ ጊዜ የብረት እጥረት ነው። ተክሉ ብረትን አንዴ ቅጠል ውስጥ ካስቀመጠ ከአሮጌው ነቅሎ ለአዲሱ መስጠት ይከብደዋል፣ ማግኒዥየም ቢሆን ኖሮ ግን ከአሮጌው ወስዶ ለአዲሱ ስለሚሰጥ ሚገረጣው ታችኛው ቅጠል ነበር። በዛ ላይ የሎሚው አዲስ ቅጠል ጠባብና ትንንሽ ሆኖ ነበር፣ ይሄ ደግሞ የዚንክ ነገር ነው። ከትምህርት ቤት የፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ወረቀት ይዤ ወርጄ አፈሩን በውሃ በጥብጬ ስነክረው 8 አካባቢ አሳየኝ፣ 7 መሃሉ ነው፣ ከሱ ከፍ ካለ አሲድ የለም ማለት ነው። ዞር ብዬ ሳይ እማዬ የምድጃውን አመድ ስንት አመት እዛው ስሩ ላይ ነው ምትደፋው፣ አጥሩ ሲሰራ የተረፈውም ሲሚንቶ እዛው ነው የተቀበረው። ሁለቱም የአፈሩን ፒኤች ከፍ ያረጋሉ። በቃ ምርመራው አለቀ።

አፈር ውስጥ ብረት ጠፍቶ አይደለም እኮ። የወሎን ቀይ አፈር ቀይ ያረገው ራሱ ብረት ነው። ችግሩ አይሟሟም፣ ፒኤቹ በ1 ከፍ ባለ ቁጥር ሚሟሟው የብረት መጠን 1000 እጥፍ ይቀንሳል። ጎተራ ሙሉ እህል እያለ ቁልፉ ጠፍቶ መራብ በሉት። ለዛ ነው ኪሌት ያስፈለገኝ።

እዚ ጋ አንዴ ቆም ልበል። ኪሌት ምንድነው ላለ፣ ቃሉ ከግሪክ ነው፣ የሸርጣን ጥፍር ማለት ነው። እኛ ሸርጣን የት እናውቃለን፣ እኔ ተማሪዎቼን ምላቸው ጉጠት ነው። ቡና ሲፈላ ፍሙን በጉጠት ነው አይደል ምታነሱት፣ በእጃችሁ ብትነኩት ያቃጥላችኋል፣ መሬት ላይ ብትለቁት ምንጣፉን ያቃጥላል ወይ አመድ ሆኖ ይቀራል። ሜታልም እንደዛ ነው፣ ኪሌቱ ጨብጦ እንደሟሟ ያቆየዋል። (አማርኛችን ሜታሉንም አይረኑንም ብረት ስለሚል እዚ ብረት ስል አይረኑን ማለቴ ነው፣ ሌላውን ሜታል እላለሁ።) ኢዲቲኤ ሚባለው ጉጠት አንዱን ሜታል በ6 ቦታ ጨብጦ ይይዘዋል፣ 4 ኦክስጅን 2 ናይትሮጅን። ግን ብረትን በተመለከተ አፈሩ ከ6.5 አካባቢ ሲያልፍ መላላት ይጀምራል፣ ለእማዬ አይነት አፈር ሚሆነው ኢዲዲኤችኤ ነው፣ እሱ ፒኤቹ ከፍ ቢልም አይለቅም።

ሱቁ ጋ የገባሁት ይሄን ይዤ ነው። ልጁ ጥሩ ልጅ ነው፣ ትህትናው ለጉድ ነው፣ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። የጀርባ መርጫ ፓምፕ ኮርኒሱ ላይ ተንጠልጥሏል፣ የዶሮ መኖ ሽታ አለ፣ የሽንኩርት ዘር በቆርቆሮ። «ኪሌትድ አይረን አለህ?» ስለው «አብሽር ቲቸር፣ ኦሪጅናል ነው ያለኝ» ብሎ አንድ ብርማ እሽግ አወጣ። ላዩ ላይ ኢዲዲኤችኤ 6% ይላል። ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም ደሴ ፒያሳ አካባቢ ሁለት ሦስት ቦታ ጠይቄ «ምንድነው እሱ» ነበር ያሉኝ። 650 ብር። አልተከራከርኩም። ልጁ ጨመረልኝና «ቅጠሉን አረንጓዴ ሚያረገው ብረት ነው ቲቸር፣ ክሎሮፊል ማለት ብረት ነው» አለኝ፣ ዝም አልኩት። ክሎሮፊል መሃሉ ላይ ያለው ማግኒዥየም ነው እንጂ ብረት አይደለም። ብረቱ ሚያስፈልገው ክሎሮፊሉን ለመስራት ነው፣ ከሰሪዎቹ ኢንዛይሞች አንዱ ሁለት የብረት አቶም ካልያዘ ስራውን አይሰራም። የቤቱን ግድግዳና ግንበኛውን እንደማደባለቅ ነው። ለሽያጭ ግን ምን ቸገረው።

ቤት ገብቼ እሽጉን ስቀደው ልቤ ወረደ። ኢዲዲኤችኤ ላይ ያለ ብረት ጥቁር ቀይ ቡናማ ነው መሆን ያለበት፣ ውሃ ላይ ትንሽ ቆንጠር አርጋችሁ ብትጥሉበት ውሃው እንደ ከርከዴ ቀልቶ ነው ሚጠብቃችሁ። ከኔ እሽግ የወጣው ፈዛዛ አረንጓዴ፣ እርጥብ እርጥብ ያለ፣ ጨው ጨው ሚመስል ክሪስታል ነው። ጠርዝ ጠርዙ ላይ የዛገ ቢጫ ነገር አለው። በብርጭቆ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ በጠበጥኩ፣ ለትንሽ ጊዜ ንጹህ ሆኖ አረንጓዴ ጥላ ብቻ ነበረው። መስኮቱ ላይ አሳደርኩት። በነጋታው እሁድ ሳየው ውሃው ሻይ መስሏል፣ ታች የዛገ አተላ ተኝቷል። ወገኖቼ ይሄ ፌረስ ሰልፌት ነው። ጉጠት የለውም፣ ባዶ ፍም ነው። መጥፎ እቃ ነው እያልኩ አይደለም፣ ለብዙ ነገር ይሆናል፣ ግን ርካሽ ነገር ነው፣ እማዬ አፈር ላይ ደግሞ ብርጭቆው ውስጥ የሆነውን ነው ሚሆነው፣ ሎሚው ሳያየው ዝጎ ይቀመጣል። እኔ የከፈልኩት ለብረቱ አልነበረም፣ ለጉጠቱ ነው፣ የሸጡልኝ ግን ጉጠት አልባውን ነው።

ለምን እንደዚ እንዳንገበገበኝ እንዲገባችሁ ተክሉ ውስጥ ያለውን ላሳያችሁ፣ ምክንያቱም ተክል ራሱ እንደ ብረት፣ ዚንክና መዳብ ያለ ሜታል በባዶ እጁ አይነካም። ማስተርሴን ስሰራ ያነበብኩት በሙሉ ይሄ ነበር ማለት ይቻላል። ፕሮቲን አሚኖ አሲድ ሚባሉ ዶቃዎች የተሰኩበት ረጅም ክር ነው፣ ክሩ ላይ ግን ለብቻው ተጣጥፎ የራሱ ስራ ያለው ቁራጭ አለ፣ ዶሜን ይባላል። ሜታል ያዥ ዶሜኖች ብዙ ጊዜ ሚጨብጡት በሁለት አይነት አሚኖ አሲድ ነው፣ ሲስቴይን እና ሂስቲዲን። ሲስቴይን ሰልፈር አለው፣ ሂስቲዲን ናይትሮጅን ያለበት ቀለበት አለው፣ እነዚህ ናቸው የጉጠቱ ጫፎች። ፌሬዶክሲን ሚባለው የክሎሮፕላስት (ቅጠሉ በብርሃን ምግብ ሚሰራበት ክፍል) ፕሮቲን ሁለት ብረትና ሁለት ሰልፈር አንድ ላይ ታስረው በ4 ሲስቴይን ተይዘውበታል፣ ከብርሃን የመጣውን ኤሌክትሮን ሚያቀብለው በነሱ ነው። ብረት ሲጠፋ ቅጠሉ መገርጣት ብቻ ሳይሆን ይሄ ቅብብሎሽም ነው ሚደክመው።

የተረፈ ብረት ደግሞ ዝም ብሎ አይለቀቅም። ፌሪቲን ሚባል ፕሮቲን አለ፣ 24 ቁራጭ ተገጣጥሞ መሃሉ ባዶ ኳስ ይሰራል፣ ኳሱ ውስጥ እስከ 4500 አቶም ብረት ይከተታል። ተክል ውስጥ በብዛት ሚገኘው ክሎሮፕላስትና ዘመዶቹ ውስጥ ነው። ለምን ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ ካላችሁ፣ የተለቀቀ ብረት ሴሉ ውስጥ ካለ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ያገኘውን ሁሉ ሚያቃጥል ራዲካል ይፈጥራል፣ ሽፋኑን፣ ፕሮቲኑን፣ ዲኤንኤውን። ፍም ምንጣፍ ላይ ያልኳችሁ ምሳሌ ለማሳመር አይደለም።

ደግሞ ሚገርመው ገብስ ነው። ሎሚና ሌሎች ሳር ያልሆኑ ተክሎች ብረት ሲጠፋባቸው ስራቸው አካባቢ አሲድ ይለቃሉ፣ የብረቱን ቻርጅ ይቀንሱና በበር ያስገቡታል፣ በሩ አራቢዶፕሲስ ሚባለው የላብራቶሪ ተክል ላይ አይአርቲ1 ይባላል፣ የተገኘው በ1996 ነው። የሳር ወገኖች ግን፣ ገብስ፣ ስንዴ፣ በቆሎ፣ የራሳቸውን ጉጠት ሰርተው በስራቸው ወደ አፈር ይለቃሉ፣ ጉጠቱ ብረቱን ጨብጦ ተመልሶ ይገባል። ከሳር ወገኖች ውስጥ ገብስ በዚህ ጎበዝ ነው። ደሴ ዙሪያ ደጋው ላይ ያለው ገብስ በነጻ ሚሰራውን ነገር ነው እኔ 650 ብር ከፍዬ ያጣሁት ብላችሁ ሳቁብኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ብርጭቆውን ክዳን አርጌ፣ እሽጉን ይዤ ሱቁ ሄድኩ። ልጁ መጀመሪያ «ጸሀይ መትቶት ነው ቀለሙ» አለኝ፣ ብርጭቆውን ባንኮኒው ላይ ሳስቀምጥለት «ውሃው ነው ቲቸር፣ የኮምቦልቻ ውሃ ብረት አለው» አለ። ውሃው ብረት ካለው ምን ልገዛ መጣሁ ታዲያ! ትንሽ ሞቅ አልን። ደግነቱ አባቱ ከጓዳ ወጡ፣ ሐጂ ናቸው፣ ረጋ ያሉ ሰው። «ሐጂ ይቅርታ ያርጉልኝ፣ ልጅዎን ልጨቃጨቅ አልመጣሁም፣ ይሄን ብቻ ይዩልኝ» አልኳቸው። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ከፍ አርገው አዩት፣ አነቃነቁት፣ አተላው ተነሳ። ከዛ እሽጉ ውስጥ ጣታቸውን ከተው አሹት፣ አሸተቱት። «ይሄን እኔ በወጣትነቴ እንጨት ስናቀልም አውቀዋለሁ» አሉ። ከዛ በላይ አልተናገሩም። 650 ብሬን መለሱልኝ፣ መደርደሪያው ላይ የነበሩትን 4 እሽጎችም አወረዷቸው። ስሙን ማልጽፈው ለዚህ ነው። አምጪው ማን እንደሆነ ለሳቸው ትቼላቸዋለሁ። እሽጉ ላይ የተጻፈው የማምረቻ ቀን ስቲከር በጥፍር ስነካው ነው የተላቀቀው፣ ይሄን ግን ሁላችሁም እዩ፣ ዝም ብላችሁ አታልፉት።

ብሩን ስቀበል እዛው ዚንኩን ገዛሁ።

ዚንክ ሰልፌት፣ 1 ኪሎ፣ 21% ዚንክ ይላል፣ 7 ውሃ የያዘው አይነት ማለት ነው፣ ሸንኮራ ስኳር ሚያህል ነጭ ክሪስታል። ከብረቱ በኋላ ማንንም አላምንም ብዬ ደሴ ትምህርት ቤት ላብ ወስጄ ሞከርኩት። ዚንክ ሰልፌት ብለው ማግኒዥየም ሰልፌት፣ የእንግሊዝ ጨው ሚባለውን ርካሹን ሊሸጡላችሁ ይችላሉ፣ በአይን አይለይም። መለያው ቀላል ነው፣ ትንሽ በውሃ አሟሙታችሁ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ ጠብ አርጉበት፣ ሁለቱም ነጭ እርጎ ሚመስል ነገር ይሰራሉ፣ ከዛ ሶዳውን ጨምሩበት፣ ዚንክ ከሆነ እርጎው ተመልሶ ይሟሟና ውሃው ይጠራል፣ ማግኒዥየም ከሆነ እርጎ እንደሆነ ይቀራል። የኔው ጠራ። 11ኛ ክፍሎቹ አጨበጨቡ፣ እኔም ልቤ ተመለሰ። (ሶዳው ቆዳ ያቃጥላል፣ ቤት ውስጥ ልጆች ባሉበት እንዳትሞክሩት።)

ዚንክ ምን ይሰራል ላላችሁ ዋናው ታሪክ እዚ ነው ያለው። በ1985 እንግሊዝ አገር የአሮን ክሉግ ቡድን የእንቁራሪት እንቁላል ውስጥ ያለ ፕሮቲን ሲያጠና አንድ ነገር አየ፣ 30 አካባቢ አሚኖ አሲድ ያለው ቁራጭ እየተደጋገመ ይመጣል፣ በየቁራጩ ሁለት ሲስቴይንና ሁለት ሂስቲዲን አለ፣ አራቱ አንድ ዚንክ መሃል አስገብተው ይጨብጣሉ። ቁራጩ እንደ ጣት ስለታጠፈ ዚንክ ፊንገር ተባለ፣ የዚንክ ጣት። ጣቱ ዲኤንኤው ጉድባ ውስጥ ገብቶ ይዳስሳል፣ የትኛው ጂን ይከፈት የትኛው ይዘጋ ሚለውን ከሚወስኑት ነው። ዚንኩን ብታወጡበት ጣቱ ይፈታና ክር ሆኖ ይንጠለጠላል፣ ስራ የለም። ዚንኩ እዚ ጋ ኤሌክትሮን ማቀበል ውስጥ የለበትም፣ ስራው ቅርጹን ማቆም ብቻ ነው፣ የድንኳን ምሰሶ በሉት።

ተክል እነዚህን ጣቶች ወዷቸዋል። አራቢዶፕሲስ ላይ ብቻ የዚህ አይነት ጣት ያላቸው 176 ፕሮቲኖች ተቆጥረዋል። ብዙዎቹ ጣቱ ላይ የራሳቸው ማህተም አላቸው፣ ስድስት አሚኖ አሲድ በተርታ፣ እንስሳ ጋ ማታገኙት። አንዱ ሱፐርማን ይባላል፣ ቀልዴን አይደለም ስሙ ነው፣ እሱ ሲበላሽ አበባው ላይ የወንዴ ዘንጎቹ ከልክ በላይ ይበዛሉ። ሌላ ዓይነት ጣቶችም አሉ፣ ሁለት ዚንክ ሚይዙ፣ በሽታ ሲመጣ ሚነሱት ደብልዩአርኬዋይ ሚባሉት ፕሮቲኖች ላይ ደግሞ አንድ ዚንክ ሚይዝ አለ፣ ሁሉን ብነግራችሁ ሎሚው ይረሳል።

አጠቃቀሙ ላይ ግን ልጁ ጉድ ሰርቶኝ ነበር። «ሁለት የሾርባ ማንኪያ በሊትር ቲቸር፣ ጠንከር አርገው» አለኝ። ጠርጥሬ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ብቻ ሞከርኩት፣ በ3ኛው ቀን እማዬ ደውላ «ልጄ ሎሚዬን በእሳት ለበለብከው» አለች። ሄጄ ሳየው ጠርዝ ጠርዙ ቡናማ ሆኖ እንደተቃጠለ ወረቀት ተጠቅልሏል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ 30 ግራም ያህል ነው እኮ፣ ለቅጠል ሚበቃው 5 ግራም በሊትር ነው፣ እሱንም ግማሹን ያህል ኖራ ጨምሮ አሲድነቱን አብርዶ አጥልሎ። ዚንክ እንደ ብረት ራዲካል አይፈጥርም፣ ግን ሲበዛ የሌሎቹን ሜታሎች ቦታ ይቀማል፣ ጨውነቱም ራሱ ቅጠሉን ያደርቃል። ልጁ መጥፎ አስቦ አይደለም፣ ብዙ ከረጨህ ብዙ ታገኛለህ ብሎ ነው፣ ማዳበሪያ ሻጭ ሁሉ እንደዛ ነው ሚያስበው። እሽጉ ላይ ያለው መመሪያ በአማርኛ ቢጻፍ ግን ይሄ ሁሉ ባልመጣ፣ አንድም የአማርኛ ቃል የለበትም። ለዚህ አንድ ኮከብ ቀንሻለሁ።

በትክክለኛው መጠን በጧት፣ ጸሀዩ ሳይከር፣ በ15 ቀን ልዩነት ሁለቴ ረጨሁት። የድሮው ቢጫ ቅጠል እንዳለ ነው፣ አትጠብቁ። ከዛ በኋላ የወጣው ግን ሰፋ ብሎ ነው የወጣው፣ የአውራ ጣቴን ጥፍር ያህል የነበረው አሁን ሙሉ አውራ ጣቴን ይሸፍናል። ጅማቶቹ መሃል አሁንም ትንሽ ፈዘዝ ይላል፣ ያ የብረቱ ነው፣ እሱ ገና ነው።

ፈሳሹ «ማይክሮ» ደግሞ ብረት፣ ዚንክ፣ ማንጋኒዝ፣ መዳብ፣ ቦሮን አለበት ይላል፣ ከእያንዳንዱ ጥቂት። ቀለሙ ሰማያዊ አረንጓዴ ነው፣ ይሄ የመዳቡ ነው። ዋጋው 380። አልጠላሁትም፣ ምንም ጉዳት አላየሁም፣ ትልቅ ለውጥም አላየሁም። ለችግኝ ይሆን ይሆናል።

ስለ መዳቡ ግን አንድ ነገር ካልነገርኳችሁ አይሆንልኝም። መዳብ ከነዚህ ሁሉ በላይ ሚጣበቅ ሜታል ነው፣ የዚንክ ቦታ ላይ ገብቶ አልወጣም ሊል ይችላል፣ ስለዚ ሴል መዳብን ለአንድ ደቂቃ ብቻውን አይተወውም። እርሾ ላይ ሲለካ ሴሉ ውስጥ ነጻ የሆነ መዳብ ከአንድ አቶም በታች ነው ተባለ፣ ማለትም የለም። ታዲያ እንዴት ይጓዛል? ኤችኤምኤ ሚባል ዶሜን አለ፣ 70 አካባቢ አሚኖ አሲድ፣ ጫፉ ላይ ሁለት ሲስቴይን ብቻ፣ በመሃላቸው ሁለት ሌላ። መዳብ ተሸካሚው ትንሽ ፕሮቲን በነዚህ ሁለት ጣቶች ይይዘውና ሴሉ ውስጥ ሽፋን ላይ ላለው ፓምፕ (ሜታሉን ሚገፋ ፕሮቲን) ያቀብለዋል፣ ፓምፑም ራሱ ተመሳሳይ ዶሜን ስላለው ከሲስቴይን ወደ ሲስቴይን ይተላለፋል፣ መሃል ላይ አይወድቅም። ቡና ቤት ውስጥ ስኒ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እንዳያችሁት፣ ጠብ አይልም። አራቢዶፕሲስ እንደዚህ አይነት ፓምፕ 8 አለው፣ አንዳንዶቹ ለዚንክ አንዳንዶቹ ለመዳብ።

ከ8ቱ አንዱ መዳብ ሚወስደው ኤትሊን ተቀባዩ ፕሮቲን ጋ ነው። ኤትሊን ፍሬ ሚያበስለው ጋዝ ነው፣ ተቀባዩ ጋዙን ሚይዘው በመዳብ ነው። ስለዚ ጥሬ ሙዝ ዘግተው በጭስ ሲያበስሉ ያየ ሰው ይሄን ይወቅ፣ ጭሱ ውስጥ ኤትሊን አለ፣ ሙዙ ደግሞ ጭሱን ሚያሸተው በመዳብ አፍንጫ ነው። ይሄን ለሐጂ ስነግራቸው ሳቁና «ሱብሃነላህ፣ እኛ ከሰሉ ነው ሚያበስለው ስንል» አሉ።

አራተኛው ፓምፕ ደግሞ ዚንክን ከስር ወደ ቅጠል ይገፋል። አራቢዶፕሲስ ሃለሪ ሚባል ዘመዱ ዚንክ በበዛበት አፈር ላይ እየኖረ ቅጠሉን በዚንክ ይሞላል፣ ሲታይ የዚህ ፓምፕ ጂን ሦስት ኮፒ አለው። ችግሩ ይሄ ፓምፕም ያ የብረት በርም ካድሚየምን ከዚንክ አይለዩም፣ መርዙም አብሮ ይገባል። ርካሽ ዚንክ ውስጥ ካድሚየም ሊኖር ይችላል፣ እኔ የገዛሁት እሽግ ላይ ስለሱ አንድ መስመር አልተጻፈም፣ ሎሚው ሚበላ ነገር ነው እኮ። ይሄንንም ለሐጂ ነግሬያቸዋለሁ፣ ከአምጪው ሰርተፊኬት እጠይቃለሁ ብለዋል።

ሌላ አንድ ነገር ብዬ ልመለስ፣ ለፎገራ ሩዝ አብቃይ ዘመድ ካላችሁ ንገሩት። ሩዝን ሚያጠፋው ብላስት ሚባል ፈንገስ ወደ ሴሉ ፕሮቲን ይልካል፣ ከነዚህ አንዱ ኤችኤምኤ ዶሜን ላይ ነው ሚጣበቀው። አንዳንድ የሩዝ ዝርያ ታዲያ ያንኑ ዶሜን ጠባቂ ፕሮቲኑ መሃል ሰክቶታል፣ ፈንገሱ የለመደውን መስሎት ሲይዘው ደወሉ ይጮሃል። ሜታል መያዣ የነበረው ጉጠት የሌባ ወጥመድ ሆነ ማለት ነው። የመዳብ ስራ ይሰራ የነበረ ቅርጽ ጦርነት ላይ ዘመተ፣ እኔ ይሄን ባነበብኩ ቁጥር እደነቃለሁ።

እሺ ወደ ሱቁ። አገልግሎታቸው ጥሩ ነው፣ ጥፋት ሲያዩ ብር ይመልሳሉ፣ ይሄ ቀላል አይደለም። ዋጋቸው ደሴ ካለው ትንሽ ይቀንሳል፣ ግን የሚኒባሱን ስትደምሩበት ያው ነው። የልጁን ምክር ስለ ፓምፕና ስለ ዘር ስሙ፣ ስለ መጠን አትስሙ፣ ግራም ሚለካ ሚዛን አላቸው እሱን ጠይቁ። ብረት ምትገዙ ከሆነ እዛው ባንኮኒው ላይ አስከፍቱትና ቀለሙን እዩ፣ ኢዲዲኤችኤ ብሎ አረንጓዴ ከወጣ እሽጉን መልሱና ውጡ። አርብ ለጁምአ ይዘጋሉ፣ ከ6 ሰአት እስከ 8 ሰአት አትሂዱ። ዚንኩ 4 ኮከብ፣ ፈሳሹ 3፣ ብረቱ ዜሮ።

እማዬ አመዱን ከሎሚው አንስታ አሁን ጎመኑ ላይ ነው ምትደፋው፣ ጎመኑ እስካሁን አላማረረም። ሐጂ እውነተኛው ኢዲዲኤችኤ ሲመጣ እደውልልሃለሁ ብለው ስልኬን ግድግዳው ላይ በእርሳስ ጽፈውታል። ባለፈው ቅዳሜ ሳልፍ ቁጥሩ አለ፣ እቃው ግን አልመጣም።